የማይሠራው ፋብሪካ ጭስ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ግድም ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባዶ በርሜልና ጀሪካን እነግድ ነበር። ጥሩ ንግድ ነው። የሞላውን ሌላው ይሸጣል፣ አንተ ባዶውን ትሸጣለህ። ዕቃው አይሻግትም፣ አይጥ አይበላውም፣ ሌባ እንኳ ተሸክሞት ሲሮጥ ድምፁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል። የበርሜሌ ዋና ምንጭ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የነበረው የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ ነው። የቀለም በርሜሎቹን ከዚያ አወጣለሁ፣ በአሸዋና በሳሙና አጥባለሁ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያ እሸጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ውሃው ሰማያዊ ሆነብኝ ብላ መጣች።

"የሰማዩ ነጸብራቅ ነው፤ ክዳን ግዢበት" አልኳት።

ክዳኑንም ከእኔው ገዛች። ይህን የምጽፈው ልኮራበት ብዬ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ንጹሕ ሰው ፍለጋ የሚደክም አንባቢ እንዳይኖር ብዬ ነው።

ፋብሪካው አንድ ረጅም ጭስ ማውጫ ነበረው። ሲሠራ የሚያወጣው ጭስ ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ ጠዋት የተሰጣ ነጠላ ከሰዓት ሲሰበሰብ አመድማ ይሆናል። የጓሮ ቆስጣ ሦስቴ ካልታጠበ ጥርስ ሥር ይንቀጫቀጫል። በሰፈራችን ሃምሳን ያለፈ ሰው ሁሉ ወይ ያስለዋል፣ ወይ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ወይ ደረቱን ይዞ በየሃያ እርምጃው ይቆማል። እኛ ይህን ሁሉ "እርጅና" እንለው ነበር። እርጅና ለምን እኛ ሰፈር ከሌላው ሰፈር ቀድሞ እንደሚደርስ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የጠየቀው አባቴ ብቻ ነው፣ እሱም የጠየቀው በራሱ መንገድ ነው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በዓይኑ ይኮራል። ከፊቱ የሚመጣው መኪና ገና ነጥብ ሳለ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደጫነ፣ ሹፌሩ እንቅልፍ ይዞት እንደሆነና እንዳልሆነ ያውቅ እንደነበር ለሰማውም ላልሰማውም ያወራል። ጡረታ ወጥቶ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ በኋላ ግን ዓለም ቀስ በቀስ ጉም ለበሰችበት። መጀመሪያ የታክሲዎቹ ታርጋ ጠፋው፣ ቀጥሎ ታክሲዎቹ ራሳቸው ጠፉት። እሱ ግን ይህን የዓይን ችግር ብሎ አልተቀበለውም።

"ዓይኔ ደህና ነው" አለ። "አየሩ ነው የቆሸሸው።"

ለሹፌር ነገሩ ግልጽ ነው። መንገዱ ካልታየህ መንገዱ ላይ ጉም አለ ማለት ነው፤ ሹፌሩ ምን አደረገ?

ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ "ለእኔ መድኃኒት ልናመጣ ነው" ብዬ ዋሽቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ በትንሽ ባትሪ ሁለቱንም ዓይኑን አየችለት።

"አባባ፣ ሞራ ነው። ቀኙ በጣም በስሏል። መገፈፍ አለበት።"

"ከምንድን ነው የመጣብኝ?"

"ዕድሜ ነው አባባ። ፀሐዩም፣ አቧራውም፣ ጭሱም ያፋጥነዋል።"

አባቴ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል መርጦ ይዞ ወጣ።

"ሰማሃት? ጭስ ነው አለች።"

"ይገፈፍ ነው ያለችው አባዬ።"

"እሳት እየነደደ ቤት አይቀባም። መጀመሪያ ጭሱ ይቁም፤ ጭሱ ሲቆም ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይገለጥልኛል።"

እሱ ደጅ ሲጠብቀኝ ነርሷ እኔን መልሳ ጠራችኝ። ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚመጡ ሐኪሞች የሚገኙት በጥቅምት የመጨረሻው ሐሙስ እንደሆነ፣ ስሙንም እንደመዘገበችው ነገረችኝ። "ቀኙ ከዚያ ካለፈ ዓይኑ ውስጥ ግፊት ይፈጥርና ጨርሶ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ ማንም አይመልሰውም" አለችኝ። ግራው ደግሞ ቀኙን ተከትሎ እየመጣ ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነው፦ አባቴ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ እሺ ማለት አለበት፤ እሺ የሚለው ደግሞ ጭሱ ሲቆም ነው።

ጭሱን ለማስቆም ሐምሌ ላይ ለቀበሌው ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ያኔ ጭሱ እውነት ነው፤ ማመልከቻው ራሱ ጥላሸት ነበረበት። ቀበሌው መልስ የሰጠው መስከረም ላይ ነው። "ማስረጃ ይቅረብ" አለ። ሦስት ሽማግሎች ተመርጠው ጭስ ማውጫውን ለአንድ ወር በየቀኑ እያዩ በደብተር እንዲመዘግቡ ተወሰነ። "ታዛቢ ኮሚቴ" የሚል ስምም ተሰጣቸው።

ሰብሳቢው አባቴ ሆነ። ሁለተኛው ታዛቢ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ዓይኑ ከአባቴ ይሻላል፣ ግን ቀና ባለ ቁጥር ሳል ስለሚይዘው ሰማይ ካየ ሰንብቷል። ሦስተኛው ጸሐፊው መሪጌታ ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው የሚያስቀና ነው፤ ነገር ግን የጻፉትን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይረሱታል። ሰፈሩ እነዚህን ሦስቱን የመረጠው ለቀልድ አልነበረም። ትልቅ ሰው እያለ ለምስክርነት ወጣት አይላክም።

የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ከሱቄ ደጃፍ ያለው የእኔ አግዳሚ ወንበር ነው። ጠዋት የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ሦስቱም ልብሳቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ።

"እህ፣ አለ?" ይላል ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፍቶ።

አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ያፈጣል። "አለ። እንዲያውም ዛሬ ወፍሯል።"

"እኔም... እህ እህ... ይኸው ሳንባዬ እየመሰከረ ነው።"

"መሪጌታ፣ ይጻፉ።"

መሪጌታ ይጽፋሉ። ሻይ ይጠጣል። የሰው ወሬ ይነሣል። ከዚያ መሪጌታ ደብተሩን እንደ አዲስ ያዩትና "የዛሬውን መዝግበናል እንዴ?" ይላሉ። ሁለቱም እርግጠኛ አይደሉም። "ለማንኛውም ይጻፉት" ይባላል። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ቀን ባለው መስከረም ውስጥ ፋብሪካው አርባ ምናምን ቀን ጨሰ።

አሁን ልናገረው። በዚያ ወር ከዚያ ጭስ ማውጫ አንዲት ክር የምታህል ጭስ አልወጣችም።

እኔ ያወቅሁት በበርሜል ነው። ባዶ በርሜል ከፋብሪካው መውጣት ካቆመ ሰንብቷል። ዘበኛውን ሲጋራ ጋበዝኩትና ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሁት።

"ቦይለሩ ሞቷል" አለኝ በሹክሹክታ፤ ውሃውን የሚያፈላውም የሚያጨሰውም እሱ ነው። "ከፍልሰታ ወዲህ ነፍስ የለውም። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ።"

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት ፊሽካው ምንድን ነው? ሠራተኛውስ ምን ሊሠራ ይገባል?"

"ግቢ ይጠርጋል። ፊሽካውን የምነፋው እኔ ነኝ፣ በአፌ። ስማ፣ ይኼን ነገር እንዳትተነፍስ። ፋብሪካው ለግል ሊሸጥ ነው፤ ገማቾች ሊመጡ ነው። የቆመ ፋብሪካ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው የሚሄደው።"

ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ቀና ቢል ያየው ነበር ትሉ ይሆናል። ያዩም ነበሩ። አጠገቤ ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አንድ ቀን ደፈረች።

"አባባ፣ እኔ እኮ ምንም ጭስ አይታየኝም።"

"ዓይንሽን ተመርመሪ ልጄ" አላት አባቴ በሐዘኔታ። "ሲጀምር እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

ሴትዮዋ ዓይኗን እያሸች ሄደች። ለቀበሌው ሊቀመንበር እኔው ራሴ በዘወርዋራ ብነግረው "ወንድሜ፣ ኮሚቴ ከተቋቋመ በኋላ በግል ማየት የለም" አለኝ። ልጅ እግር ነው፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ከቢሮው መስኮት ጭስ ማውጫው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስኮቱን ዘጋው።

እኔስ ለአባቴ ለምን አልነገርኩትም? አንደኛ፣ ያን ሁሉ ቀን "ወፍሯል" ሲል ሰፈር ሰምቶታል፤ ትልቅ ሰው እንዴት ይዋረዳል። ሁለተኛ፣ ዘበኛው ያስጠነቀቀኝን ነገር ካወጣሁት፣ ፋብሪካው እንደገና ሲከፈት በርሜሉን ለሌላ ይሰጡብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛውን ምክንያት ለራሴ የምነግረው ከመጀመሪያው በኋላ ነበር። ሲመዘን ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሐሙሱ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አባቴን ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። እኔ በልቤ "አሁን ተነሥቶ 'የምን ጭስ? ፋብሪካው እኮ ቆሟል' ይላል፣ እኔም እገላገላለሁ" እያልኩ ነበር። መሪጌታ ደብተሩን ከፍተው ማንበብ ጀመሩ። አንዳንዱን ቀን ሁለቴ አነበቡት፣ ምክንያቱም ሁለቴ ተጽፏል። ሃምሳ አለቃው ተነሥቶ ለመናገር ሞከረና ሳሉ ተናገረለት። አባቴ በመጨረሻ ቆመ።

"ይኼ ጭስ" አለ "ዓይኔን ጋርዶብኛል። አንድ ቀን እንኳ ዐርፎ አያውቅም። እሑድ እንኳ!"

ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ የመሰለ ነገር እስካሁን አልረሳውም።

"የተከበሩ አባቶቼ፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው" አለ።

ሰው አጉረመረመ። ተከሳሽ ሲያምን አይተን አናውቅም።

"ፋብሪካችን ሌትና ቀን በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሠራው። እሑድም እንሠራለን። ጭሱ በየቀኑ እንደሚወጣ ከእናንተ የተሻለ ምስክር የለም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። ማኅተም ይኑረው። አንድ ቅጂ ለእኛ ይሰጠን። ወደፊት በግማሽ ለመቀነስ ቃል እንገባለን።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ለልጇ ገንፎ እንደምታበርድ እናት ማኅተሙ ላይ እፍ ብሎ መታው። ነገሩ ለነጋዴ ጆሮ ወዲያው ይገባል፤ ሰውዬው ገማቾቹ ፊት የሚያስቀምጠው ከዚህ የተሻለ ወረቀት የት ያገኛል? ሰፈር በሙሉ በጭስ ተማረርኩ ብሎ በማኅተም መስክሮለታል። የሞተ ቦይለር በሦስት ሽማግሎች ተነሣለት።

ፊርማ ላይ አባቴ ብዕሩን ይዞ ወረቀቱን ፈለገ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ሊፈርም የጀመረው በሊቀመንበሩ ኮፍያ ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ መጣና እጁን በሁለት እጁ፣ በታላቅ አክብሮት ይዞ ወረቀቱ ላይ አደረገለት።

"እዚህ ጋ አባቴ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "አባትህ ጨዋ ሰው ናቸው። የበርሜሉ ነገር ለሌላ አይሰጥም፤ አታስብ።"

አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

በነጋታው ጠዋት ሱቅ ስከፍት አባቴ ከኋላዬ እየተደገፈ መጣ። ደጃፉ ላይ ሁለት በርሜል ደራርቤ፣ ከላይ ጆንያ ጣል አድርጌ ነበር። አባቴ ፊታቸው ሲደርስ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀና እጅ ነሣ።

"እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች?"

በርሜሉ ዝም አለ። አባቴ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን መልሶ አደረገና ወደ እኔ ዞሮ፣ ቅር ብሎት፣ "ማናቸው እኚህ ሰውዬ? ምን አደረግኳቸው?" አለኝ።

ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ አልመጣም። ተደርድረው በቆሙት በርሜሎች መሐል አባቴ አዝኖ ቆሟል፣ የእያንዳንዱን ዋጋ ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ።

"ና አባዬ፣ አንድ ቦታ ልውሰድህ" አልኩት።

መንገዱን አሻገርኩት። ዘበኛው ሊከለክለኝ ሲል "የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፣ ለምርመራ ነው" አልኩት። ኮሚቴ የሚለውን ቃል ሲሰማ በሩን ከፈተ። ግቢው ጥርግ ብሎ ተጠርጓል። አባቴን እስከ ጭስ ማውጫው ሥር ወሰድኩትና መዳፉን ጡቡ ላይ አደረግኩለት።

መዳፉን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አንቀሳቀሰ። ሌላውን እጁን ጨመረ። ከዚያ ጆሮውን ለጠፈበት። ሹፌር ነው፤ ሞተር ሲሠራና ሳይሠራ ያውቃል።

"ቀዝቅዟል" አለ።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፍልሰታ።"

"አንተ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ሙያዬም ነው።

"ከመስከረም ጀምሮ።"

አባቴ እጁን ከጡቡ ላይ አላነሣም። ሊመታኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ በዚያ ዕድሜዬም ቢሆን ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዘበኛው ከበሩ አፍ ሆኖ ሰዓቱ ደርሶበት ኖሮ በአፉ ፊሽካውን ነፋ።

"አሁን ይኼ ፊሽካ ነው?" አለ አባቴ።

"ዘበኛው ነው።"

"እና እኔ ያየሁት ምንድን ነው?"

"ሞራው ነው አባዬ።"

አባቴ እጁን ከጡቡ ላይ አነሣ። ከዚያ ሱሪው ላይ አራገፈው። "ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው ያለችው ያቺ ልጅ?" አለኝ። ወደ ሱቅ ስንመለስ ክንዱን ልይዘው ስል ነጠቀኝ። ያለ እኔ መንገዱን ሊሻገር ሞከረ፤ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን አንባረቀበት። ያኔ ሳይወድ ክንዱን ሰጠኝ። እስከ ሐሙስ አላናገረኝም።

ቀኙ ተገፈፈ። ሐኪሙ "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ..." አለና አልጨረሰውም። ፋሻው ሲነሣ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሰጡት። አድርጎት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ከላይ እስከ ታች መረመረኝ።

"ይኼ ሁሉ ሽበት መቼ ነው ያወጣኸው?"

"ቆየ እኮ አባዬ።"

"ከንፈርህ ለምን ጠቆረ? የምትስለው አንተ ነህ እንዴ? እስከ ዛሬ ሃምሳ አለቃው ይመስለኝ ነበር።"

የራሴን ሳል መስማት የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እስኪነገረኝ ድረስ ሳሉ የሰፈሩ ድምፅ ነበር።

ፋብሪካው በጥር ተሸጠ። ዋጋው ጥሩ ነበር አሉ። አዲሱ ባለቤት ቦይለሩን አስቀየረና በየካቲት አንድ ጠዋት ጭስ ማውጫው ነፍስ ዘራ፤ ጭሱ እንደ ድሮው ጥቁር ብሎ በጣሪያዎቻችን ላይ ተኛ። አባቴ በአንድ ዓይኑ አየው። እንደገና አየው። የቲማቲም ነጋዴዋን "ይታይሻል?" ብሎ ጠየቃት። "ይታየኛል አባባ" አለችው። የዚያኑ ቀን ይዞኝ ቀበሌ ሄደ።

ሊቀመንበሩ አዲሱን ባለቤት አስጠራው። ሰውዬው ትሑት ነው፤ ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አወጣ። ማኅተም አለው። የእኛው ቃለ ጉባኤ ነው።

"እኔ እኮ ያለ ጭስ ፋብሪካ አልገዛሁም" አለ። "ከነጭሱ ነው የገዛሁት። በየቀኑ፣ እሑድም ጭምር እንደሚጨስ ነዋሪውም ፋብሪካውም ተስማምተው ፈርመዋል። ግማሽ ይቀነስ የሚለውንም እያከበርኩ ነው፤ እሑድ አልሠራም።"

"ግማሽ እኮ ነው የተባለው" አልኩ።

"በደብተራችሁ ላይ በወር አርባ ምናምን ቀን ነው የተመዘገበው። እኔ ሃያ ስድስት ቀን ነው የምሠራው። ከግማሽ ብዙም አልራቅሁም።"

ሊቀመንበሩ በጣቱ ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መነጽሩ አስጠግቶ ፊርማውን ፈለገ። አገኘው። የራሱ ነው፤ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ፣ ሌላ ሰው እጁን ይዞት እንደነበር የሚያስታውቅ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰለት።

በነጋታው ፊሽካው ነፋ፣ አሁን የእውነቱ ፊሽካ። ሦስቱም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ነርሷ የግራው ዓይን ተራ ለትንሣኤ አካባቢ እንደሚደርስ ነግራው፣ እስከዚያ ጭስና አቧራ እንዲርቅ መክራው ነበር። የሚርቅበት ቦታ ግን አልነገረችውም። አዲስ ደብተር አስገዝቶኝ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል።

"አለ?" አለ ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፍቶ።

"አለ" አለ አባቴ።

"ከመስከረሙ ይብሳል?"

"የመስከረሙን አላየሁትም። የዛሬውን ግን አይቼዋለሁ።" ደብተሩን ለመሪጌታ አቀበለ። "መሪጌታ፣ ይጻፉ።"

መሪጌታ ብዕራቸውን እያገላበጡ ሰማይ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ደብተሩን በእርካታ ዘጉት።

"ጽፌዋለሁ" አሉ።

አባቴ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

"አልጻፉም" አላቸው። "እያየሁዎት ነው።"